የአማንሲያ አጋቬ

ባሌ ከእኔ በፊት ሚስት ነበረችው። ሞታለች፤ ነፍሷን ይማር። ይህን የሳን ሲሞን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም ሳገባው አውቅ ነበር። የማላውቀው ነገር፣ ሴት ከሞተች በኋላም ገደል ላይ ቆማ በየዓመቱ ማደግ እንደምትችል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማንሲያ ሙሽራ ሳለች ከቴዎዱሎ ጋር ከመንደሩ በላይ ካለው ገደል ወጣች። እዚያ ድንጋይ ሰንጥቆ የበቀለ፣ ገና ከጉልበቷ የማያልፍ አንድ የዱር አጋቬ አገኘች። እንደ እሬት ወፍራም፣ እሾሃም ቅጠል ያለው፣ ቴፔስታቴ የምንለው ዓይነት ነው፤ ሰው አይተክለውም፣ ለመድረስም ከሃያ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ከቅጠሉ ጫፍ እሾህ ነቀለችና በዚያው እሾህ የሁለቱን ስም ቅጠሉ ላይ ጫረች። አጋቬ ደግሞ ጭረት አይሽርለትም። ቅጠሉ ባደገ ቁጥር ጽሑፉም አብሮ ይሰፋል። እሷ በተጋቡ በአምስተኛው ዓመት፣ በስድስት ቀን ትኩሳት ሞተች። ስሟ ግን፣ ያዩት እንዳወሩልኝ፣ እኔ ሳገባ ጣት ያህል ነበር፤ ዘንድሮ ስንዝር ሞልቷል።

ቅናተኛ ነኝ፤ አልደብቅም። ቴዎ ገበያ ላይ ቲማቲም ሻጯን "ደህና ዋልሽ" ሲላት እንኳ ድምፁን እመዝናለሁ። ግን ከሕያው ሴት ጋር እንዴት እንደሚጣሉ አውቃለሁ፤ ምላስ አለ፣ ካስፈለገም ጸጉር አለ። ከሞተች ሴት ጋር ምን ይደረጋል? አታረጅ፣ ቦሎቄ አታሳርር፣ ተኝታ አታንኮራፋ። እኔ ሦስቱንም አደርጋለሁ። ቴዎ በዓመት ሁለት ጊዜ "አጋቬዎቹን አይቼ ልምጣ" ብሎ ወደ ገደሉ ይወጣል። ሲመለስ ጉልበቱን እያሸ ግድግዳ ሥር ይቀመጥና እስከ እራት ድረስ አንዲት ቃል አይወጣውም። እኔ ደግሞ ድስት አጋጫለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርን። ልጅ እግዜር አልሰጠንም።

ባለፈው ዓመት በየካቲት፣ ከገደሉ ወርዶ ኮፍያውን እንኳ ሳያወልቅ፣

"አገዳ አውጥቷል" አለኝ።

የትኛው ብዬ አልጠየቅሁም። አጋቬ በሕይወቱ አንዴ ብቻ ነው አገዳ የሚያወጣው። አገዳው ገና ለጋ ሳለ ከተቆረጠ ስኳሩ ወደ ልቡ፣ ወደ ግንዱ እምብርት፣ ይመለሳል፤ ይህን ማኮላሸት እንለዋለን። የተኮላሸው ዓመት ያህል ይቆይና ተነቅሎ ሜስካል የምንለው አረቄ ይሆናል። ካልተቆረጠ አገዳው እንደ ዛፍ ይረዝማል፣ ያብባል፣ የሌሊት ወፍ ይሰፍርበታል። ከዚያ ዘሩን በትኖ፣ ውስጡ ባዶ ቀርቶ ይሞታል።

"እንግዲህ ታኮላሸዋለሃ" አልኩት፤ እጄ ሊጥ ውስጥ ነበር።

"አይ። ይተው። ያብብ።"

"ለምን ሲባል?"

"ከአምስት አንዱ ለተራራው አይደል? የዘንድሮው የተራራው ድርሻ እሱ ይሁን።"

"ከዚያ ሁሉ አጋቬ እሱ?"

"እሱ። በቃው ኒካ፤ ይሂድ።"

እውነት ነው፣ በመንደራችን ከአምስት የዱር አጋቬ አንዱ ሳይቆረጥ ለዘር ይቀራል፤ አያቶቻችን የደነገጉት ነው። ግን የእኔ ጆሮ ድንጋጌውን አልሰማም። የሰማሁት ሌላ ነው። ከአንድ አገዳ ስንት ሺህ ዘር እንደሚረግፍ የሜስካል አውጪ ልጅ ስለሆንኩ አውቃለሁ። ነፋስ ይወስደዋል፣ ዝናብ ያወርደዋል፣ በየስንጥቁ ይበቅላል። ለእኔ አንድ ልጅ ያልሰጠ ሰማይ ለእሷ ተራራ ሙሉ ሊሰጣት ነው! ሊጡን እንዴት እንደደበደብኩት ያየ ሰው ያዝንለት ነበር።

በማግስቱ በቆሎ ለማስፈጨት ወፍጮ ቤት ስሄድ አበልጄን ፕላሲዳን አገኘኋት። የሴት ልጇን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። የሆዴን ለእሷ ብቻ ነው የማወጣው፤ እሷም እዚያው ሰው ፊት ትስቅብኛለች።

"ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?" አለችኝ። "ቁረጠውና አብስለው በይዋ።"

"ካበሰለው ይጠጣታላ! በየበዓሉ፣ በየቅሉ ከንፈሩ ላይ ልትሆን?"

"እንግዲያው ይተወዋ።"

"ከተወው ትዘራለቻ!"

ፕላሲዳ ባልዲዋን አስቀምጣ ወገቧን ይዛ ሳቀች። ወፍጮው ጋ ወረፋ የያዙት ሴቶች ሁሉ ዞሩ።

"ስሙልኝ እናንተ! አበልጄ ከሙት ጋር ግብግብ ገጥማ፣ ያውም እየተሸነፈች ነው!"

"ቀስ በይ አንቺ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! አንቺ ሴት፣ እሷ እኮ አፈር ውስጥ ናት፤ አንቺ አልጋው ላይ ነሽ። ምን ቀረሽ?"

የቀረኝ ቀላል ነገር ነው። ቴዎ ስለ እኔ አስቦ አንድ ቀን እንኳ ግድግዳ ሥር ዝም ብሎ እንዲቀመጥ እፈልግ ነበር። ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ድስት ስታጋጭ ማን ይናፍቃታል?

ሐሙስ ቴዎ ባዶ ጀሪካኖቹን በቅሎ ላይ ጭኖ ገበያ ወረደ። እኔ ገጀራዬን ከምሰሶው አወረድኩ። አንድ የበቆሎ ቂጣ በጨው በርበሬ ጠቅልዬ ሻሼ ውስጥ ቋጠርኩና ወደ ገደሉ ወጣሁ። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን ረግጬው አላውቅም፤ ከታች ሆኜ ነው የምራገመው። ስደርስ ፀሐይ አናቴ ላይ ነበረች። አጋቬው ሰፊ ነው፣ ቅጠሉ የተጠማዘዘ፣ ከድንጋዩ ወደ ገደሉ አጎንብሶ ሸለቆውን ያያል። ከታች በኩል ጫፉ የደረቀው ቅጠል ላይ የሁለቱ ስም አለ። የልጅ ጽሑፍ ነው። መጨረሻ ላይ እጇ ዛለ መሰለኝ፣ የቴዎ ስም ወደ ታች ዘንበል ብሏል። እሱን ሳይ ይባስ ደሜ ፈላ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

አገዳው ክንድ ተኩል ያህል ወጥቶ ነበር፤ ለጋ፣ ወፍራም፣ እንደ ሰርዶ ቡቃያ ጫፉ የሾለ። ገጀራዬን አነሳሁና በአንድ ምት ጣልኩት። ከዚያ ደግሞ፣ እጅ ሥራውን አይረሳምና፣ የዝናብ ውሃ እንዳይቋጥርበት ቁርጡን አባቴ እንዳስተማረኝ ዘወርወር አድርጌ ሰያፍ አደረግኩት። ቆሜ አየሁት። አምሮበታል። እንግዲህ ዝሪ አልኳት። የወደቀውን አገዳ ገደል ከተትኩና ቂጣዬን እዚያው ቁጭ ብዬ በላሁ፤ የዚያን ቀን ቂጣ እስካሁን አፌ ላይ አለ።

በሳን ሲሞን የተኮላሸ የዱር አጋቬ ገደል ላይ በስብሶ እንዲቀር መተው ነውር ነው። ሃያ ዓመት የተጠበቀን ነገር ማባከን በጉባኤ ፊት ያስቆማል። ተኮላሽቷል ማለት ይበስላል ማለት ነው፤ ምርጫ የለም። ይህን ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠባሁት። ያን ሐሙስ ግን ትዝ አላለኝም። ትዝ ይለኝ የነበረው ዘሩ ብቻ ነው። ገደሉን ስወርድ በደስታ እግሬ ቀሎኝ ነበር። ቤቴ ጓሮ ስደርስ ግን የገዛ እጄ ያደረገው ነገር ቀስ ብሎ ገባኝና ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ዘሩን ከልክዬ ሜስካል አድርጌለት መጣሁ። በደህና ጊዜ፣ በደህና እጅ፣ ስኳሩ አንድ ጠብታ ሳይባክን!

ቴዎ ከአሥር ቀን በኋላ ወጥቶ አየው። ያን ቀን ሲመለስ ግድግዳ ሥር አልተቀመጠም። መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመ።

"ቁርጡን አየሁት" አለ።

"የምን ቁርጥ?"

"ኒካኖራ። በዚህ አገር ላይ እንደዚያ ሰያፍ አድርጎ የሚቆርጥ አባትሽ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሞቷል።"

ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ። ቢጮህ እኔም እጮህ ነበር፤ የአሥራ አንድ ዓመት ጩኸት አጠራቅሜ ነበር። እሱ ግን ኮፍያውን ሰቅሎ እጁን ታጠበና "እራት ደርሷል?" አለኝ። ሰው እንዲህ ይቀጣል? ስድብ ቢጤ እንኳ ነፈገኝ።

ዓመቱን በሙሉ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አላወጣም። ጎረቤቶቹ ግን አላረፉም። ከገደሉ በታች ፍየል የሚያውሉት አይተውት ኖሮ፣ "ቴዎ፣ ጥሩ ጊዜ ነው የያዝከው! ያ ቴፔስታቴ ምን ያህል እያበጠ ነው መሰለህ" ይሉታል። እሱ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ወደ ጓዳ እገባለሁ። እሷ እዚያ ላይ ትወፍራለች፣ እኔ እዚህ ታች እከሳለሁ፤ ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ገባ።

በዓመቱ ቴዎና ጎረቤቶቹ በገጀራና በደጅኖ ነቀሉት። ልቡን ሲያወርዱት በቅሎዋ መንገድ ላይ ሁለቴ ተንበረከከች። ያ ስም የተጻፈበት ቅጠል ተቆርጦ እዚያው እንደቀረ ጭነቱን መንገድ ላይ አይቼ አረጋግጫለሁ። ቴዎ ከሌሎቹ የአጋቬ ልቦች ጋር ማብሰያው ጉድጓድ ውስጥ፣ በበሉጥ እንጨት የጋለው ድንጋይ ላይ ደረደረው፤ እንዳይቀላቀል የእሷን ከላይ አደረገው። በገለባና በሰሌን ሸፍነን አፈር አለበስነው። ከክምሩ አናት ላይ መስቀል ይተከላል፤ በዙሪያው ቀይ በርበሬ ይሰካል። በርበሬው ለቅናተኛ ዓይን ነው። ቅናተኛ ሰው ካየው ጥሬ ሆኖ ይወጣል ይባላል።

"በርበሬውን አንቺ ሰኪው" አለኝ ቴዎ፣ እፍኝ ሙሉ አቀብሎኝ።

ፊቱን አየሁት። የሚያሾፍ አይመስልም፤ ግን ቴዎ ሲያሾፍ መቼ ያስታውቃል? ፕላሲዳ ለእርዳታ መጥታ ነበርና አፏን በሻሿ ይዛ ዞረች።

"ትንሽ ጨምሪበት አበልጄ" አለች፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። "ለዘንድሮው አይበቃም።"

በርበሬውን ዙሪያውን ሰካሁ፤ የሚጠብቀው ከእኔ እንደሆነ እያወቅሁ፣ በገዛ እጄ። አንዱንም አላጓደልኩም።

በአራተኛው ቀን ተከፈተ። ጥሬ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ልቤ ውስጥ ባለው ነገር ድንጋይም ጥሬ ይሆናል። የእሷ ግን ከሁሉ ይበልጥ በስሎ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ማሩ በጎኑ ይወርድ ነበር። ቴዎ ለብቻው በእንጨት መዶሻ ወቀጠው። ለብቻው ጋን ውስጥ ደፈደፈው። በስምንተኛው ቀን ጆሮዬን ጋኑ ላይ ለጥፌ አደመጥኩ፤ ድፍድፉ መንጫጫቱን ትቶ ዝም ብሎ ነበር። ዝም ሲል ደርሷል ማለት ነው።

ድፍድፉን በሸክላ ማሰሮ አፍልተን አረቄውን ያወጣነው ረፋድ ላይ ነው። መጀመሪያ የወጣውን መልሰን ከተትንና ዳግም አወጣነው። ዳግሙ ሲወርድ ሥራው የእኔ ነው። ቴዎ እሳቱን ይይዛል፤ ዶቃ የማየው እኔ ነኝ፣ ከአባቴ የወረስኩት ነው። በሸምበቆ ትንሽ እስብና ወደ ቅሉ ከከፍታ አወርደዋለሁ። አረፋው እንደ ዶቃ ተደርድሮ ከቆየ ልኩ ነው። ቶሎ ከጠፋ ጅራቱ፣ መጨረሻ የሚወርደው፣ በዝቷል፣ ማለት ቀጥኗል፣ ጎምዝዟል። መጀመሪያ የሚወርደውን ኃይለኛውን ራስ፣ መካከሉንና ጅራቱን በምን ያህል እንደማዋህድ እኔ ብቻ ነኝ የምወስነው። ቴዎ አይጠይቀኝም።

ያኔ ሰይጣን መጣብኝ። አንድ ቅል ጅራት ብጨምርበት ይበቃ ነበር። የሚቀምስ ሁሉ "ቴፔስታቴ ነበር፣ ተበላሸ" ብሎ ይተፋዋል፤ አማንሲያም እዚያ ላይ ታበቃለች። ማን ያውቃል? ማንም። የጅራቱን ቅል አነሳሁ፤ ሜስካሉ የሚጠራቀምበት ማሰሮ አፍ ላይ አደረስኩት። ሽታው መጣብኝ፤ እርጥብ ድንጋይ፣ አረንጓዴ በርበሬ፣ የገደሉ ላይ ነፋስ። ከዚህ በፊት ከእጄ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም። እኔው በጊዜው የቆረጥኩት፣ በርበሬ የሰካሁለት፣ ጆሮዬን ለጥፌ ያደመጥኩት ነው። ማበላሸት አቃተኝ። ለእሷ አዝኜ አይደለም፤ ለሥራዬ ሳስቼ ነው። ጅራቱን መሬት ደፋሁትና ዶቃው ሞልቶ ቅሉ አፍ ላይ እስኪቆም ድረስ አስተካከልኩት።

ስምንት ሊትር ወጣ። አንዲት ትንሽ አንገተ ጠባብ ጋን ሞላች።

ቴዎ ከእሳቱ ተነሥቶ መጣ። ቅሉን ተቀበለኝ፣ ለሙታን ጥቂት መሬት ላይ አፈሰሰ፣ ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ። ዕንባው ጉንጩ ላይ ሲወርድ እኔ ሸምበቆዬን ይዤ ቆሜ አየሁ፤ ከዚህ የከፋ ነገር ታይቶኝ አያውቅም።

"ጣፈጠህ?" አልኩት።

"ኒካ፣ ለምን ልተወው እንዳልኩ ታውቂያለሽ?"

"ልትዘራት ነዋ።"

"ምን?"

"ተራራውን ሁሉ እሷን ልትዘራበት! ይኸው፣ ተናገርኩት።"

አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ ግን አይደለም።

"ዘር ላይ ስም አለ እንዴ፣ አንቺ ሴት? አንዴ ካበበ ይደርቃል፤ ቅጠሉ ይወድቃል፣ ያ ጽሑፍም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ምን ብዬ ነው እዚያ የምወጣው? ስንት ዓመት ወጣሁ! ከሞተች ጀምሮ፣ አንድ ዓመት ብቀር የካድኳት እየመሰለኝ። ደከመኝ። ጉልበቴም ደከመኝ፣ ልቤም። ልቆርጠው ብል እጄ እምቢ አለ። ጊዜውን ጨርሶ በራሱ እንዲሄድልኝ ነበር የጠበቅኩት። አበባውን አንቺን ይዤ ወጥቼ ላሳይሽ ነበር። አይተን እንወርዳለን፣ ያልቃል። ብዬ ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?"

"'በቃው፣ ይሂድ' አላልኩሽም?"

ብሎኛል። ሊጥ ውስጥ እጄን ነክሬ ሰምቼዋለሁ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

"ምነው ያኔ ቁርጡን ስታገኝ ብትጮህብኝ" አልኩት።

"ምን ብዬ ልጩህ? 'እሷን ልረሳ ስል ከለከልሽኝ' ልበልሽ? ለቅናተኛ ሚስት?" በእግሩ ጣት ጋኗን ነካ አደረጋት። "አሁን ይኸው። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ደፍቼው እገላገል ነበር። ይህን ግን ማን ይደፋል? ዕድሜዬን ያወጣሁት ሁሉ ተደምሮ አይደርስበትም። እጅሽ ነው እንዲህ ያደረገው።"

እጄን ተመለከትኩ። በሕይወቴ ከእሱ አፍ ለመስማት የጓጓሁት ይህን ነበር፤ አሁን ሰጠኝ፣ ግን ምኑ ላይ!

"ለስንት ጊዜ ይበቃናል?" አልኩት።

"እንዲህ ያለው በዓመት በዓል አንዳንድ ቅል እንጂ ዝም ብሎ አይጠጣም።" አሰበ። "እስክንሞት ይደርሳል።"

እስክንሞት። ሦስታችን በአንድ ጣሪያ ሥር፣ እሷ ጥግ ላይ በጋን ውስጥ፣ በየዓመቱ እየተሻለች። ዱካውን ሳብኩና ጋኗ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቅሌን ዘረጋሁ።

"ቅዳ።"

"አሁን? ምሳ እንኳ አልበላንም እኮ።"

"ቅዳ አልኩህ። በዓል በዓል እያሉ የሚያስቀምጡት የለም። ዛሬ እንጀምረዋለን፣ ለፋሲካ ጠብታ አይደርስም።"

"ስምንት ሊትር ነው ኒካ! ያቃጥልሻል።"

"ሲያቃጥለኝ የኖረ ነው። ለራስህም ቅዳ፣ አንተ ሰውዬ፤ ለብቻዬ አልጨርሳትም።"

ሌላ ቅል አምጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ቀዳልኝ፤ ለራሱም ቀዳ። ጠጣሁ። እንዲህ የሚጥም ነገር በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም፤ አንጀቴ እርር አለ። ቅሌን እንደገና ዘረጋሁለት።